ማርሽ የሌለው ካምቢዮ

ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ፊደል የቆጠሩት ስንቱን መኪና ገድለው እኛ በር ላይ እንዳስጎተቱት በዓይኔ ስላየሁ ነው። እኔ ዘይትን በጣቴና በአፍንጫዬ አውቀዋለሁ። የሞተር ዘይት ማር ይመስላል፣ ጣት ላይ ይተኛል። የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው፣ የነካውን ቀለም ይልጣል። የወፍራሙ የማርሽ ዘይት ሽታ ልብስ ውስጥ ከገባ ሳምንት አይለቅም። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ደግሞ ቀይ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ከቀይ ሌላ አፍስሼ አላውቅም። ጉድ የሠራኝም ይኸው ነው።

ባለቤቴ የካምቢዮ ሠራተኛ ነው። ሞተር አይነካም፣ ፍሬን አይነካም፤ ካምቢዮ ብቻ። የሰፈሩ ሰው «ሐኪሙ» ይለዋል። መኪና ወደ በራችን ስትቃረብ ገና ሳትቆም «ይቺ ሦስተኛው ላይ ታመነታለች» ይላል፤ ይፈታታል፤ ሦስተኛው ሆኖ ይገኛል። ጋራዣችን ከቤታችን ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። የጋራዡ የብረት በር ሲከፈት ወጥ ቤቴ ያሉት ሰሃኖች ይንጫጫሉ፤ በዚያ ድምፅ ነው ቀኑ መጀመሩን የማውቀው።

ዘይት ስንቀይር ሥራው የሁለት ሰው ነበር። እሱ ከመኪናው ሥር ገብቶ አሮጌውን ዘይት ሳፋ ላይ ያወርዳል። ከመደርደሪያው ለመኪናዋ የሚሆነውን መርጦ ከፊት ጎማዋ አጠገብ ያስቀምጥልኛል። ከዚያ እጁን ታጥቦ መሪው ላይ ይቀመጣል። ኮፈኑ ተከፍቶ ስለሚቆም እሱ እኔን አያየኝም፣ እኔም እሱን አላየውም። ቂጡ የተቆረጠ የውኃ ፕላስቲክ ገልብጬ ቀዳዳው ላይ እሰካና ቀስ እያልኩ አንቆረቁራለሁ። እሱ ሞተሩን አስነስቶ ማርሹን ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት እያመላለሰ ያዳምጣል። «ጨምሪ» ይላል። «በቃ» ይላል። ሌላ ሰው እንዲቀዳለት ፈቅዶ አያውቅም። ጎረቤታችን ያለው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ የባትሪ ሽቦ ከጫማ ማሰሪያ የማይለየው፣ አንድ ቀን እኔ ልቅዳልህ ቢለው «የእሷ እጅ አይሳሳትም» ብሎ መለሰው። ፊት ለፊት አመስግኖኝ አያውቅም። ያቺን ግን ከጓሮ ሆኜ ሰምቻታለሁ።

ሕመሙ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ስኳር ዕቃዬ ውስጥ ቡሎን አገኘሁና ሳቅሁበት። ቀጥሎ፣ ከሃያ ዓመት በፊት የለቀቅነውን የኪራይ ቤት በር አንኳክቶ ሻይ እንዲያቀርቡለት ጠየቀ፤ ሰዎቹ ጨዋ ሆነው ሻይ አጠጥተው ሸኙት። ያን ጊዜ አልሳቅሁም። ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሟ የሕመሙን ስም ነገረችን፤ እኔ ስሙን አልያዝኩትም፣ እንዲያ ያለ ነገር ስሙ ቢጠፋ ይሻለዋል። የያዝኩት ሌላውን ነው፦ እጁ ሥራ እስከያዘ ድረስ አእምሮውም ይቆያል፣ ሥራውን አትንጠቁት ብላናለች።

ልጃችን አስተማሪ ናት። ጋራዡ አሁኑኑ ይዘጋ አለች። ሰው መኪናውን አምኖ ይሰጠዋል፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢፈጠርስ አለች። ልጄ ናትና ምላሷን ከእኔ ወርሳለች፤ ሁለት ቀን ተሟገትን። በመጨረሻ አንድ መኪና ካበላሸ በዚያው ቀን በሩ ይዘጋል ተባብለን ተስማማን። እሱ ይህን ውል አያውቅም።

ከወር በኋላ ለአንድ ነጋዴ መኪና የፍሬን ዘይት መርጦ ጎማው አጠገብ አስቀምጦልኝ አገኘሁ። ካምቢዮ ውስጥ ሊገባ! ልጠራው አፌን ስከፍት ውሉ ትዝ አለኝ። ኮፈኑ ከልሎኛል። ቀስ ብዬ ከመደርደሪያው ቀዩን አነሳሁና አፈሰስኩ። «በቃ» አለ። መኪናዋ ስትወጣ ድምፅ አልነበራትም። ያን ቀን እሱ ምሳውን ጣፍጦት በላ፤ ስለ ወጣትነቱ ሲያወራኝ ዋለ። በሌላ ቀን ደግሞ ወፍራሙን የማርሽ ዘይት አመጣ። ለወጥኩት። የሞተር ዘይት አመጣ። ለወጥኩት። እንዲህ እያልኩ ሰባት ጊዜ ደረስኩ። ለልጄም አልነገርኩም። እውነቱን ልናገርና፣ ኮርቼም ነበር። ሐኪሙ እሱ ይባላል እንጂ ሐኪሙን ያቆመችው እኔ ነኝ እያልኩ በልቤ እጀነን ነበር።

ከዚያ አዋላጇ መጣች።

አዋላጇ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ቀጭን ወጣት ናት። ምጥ የያዛት ሴት ሩቅ ስትሆን በራሷ ትንሽ መኪና ነው የምትሄደው። መኪናዋን ከሰው እጅ ገዝታ የካምቢዮ ዘይቷን ለማስቀየር ወደ እኛ አመጣቻት። ባለቤቴ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያትና የመኪናዋን መጽሐፍ ከመሳቢያዋ አውጪልኝ አላት። ሁለቱ ግንባር ለግንባር ገጥመው እሷ ስታነብ እሱ በእርሳስ የካርቶን ክዳን ላይ ሲጽፍ አየኋቸው። እኔ ጨርቅ እያጠብኩ ነበር። ካርቶኑን ምስማር ላይ ሰቀለና ወደ እኔ መጣ።

«ይቺኛዋ ማርሽ የላትም» አለኝ።

«ምን?»

«ካምቢዮዋ። ውስጧ ማርሽ የለም። ቀበቶ ነው ያለው።»

ዓይኑን አየሁት። ማርሽ የሌለው ካምቢዮ! ውኃ የሌለው ወንዝ ያለኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ወይኔ፣ ዛሬስ ሥራው ላይ ብሶበት መጣ አልኩ በልቤ። ለትኩሳታም ሕፃን እንደሚባለው «እሺ፣ እሺ» አልኩት።

«አልሰማሽኝም» አለኝ።

«ሰምቻለሁ። ግባና ሥራህን ሥራ።»

ገባ። አሮጌውን ዘይት አወረደ፤ ከማርጀቱ የተነሳ ጥቁር ሆኖ ነው የወረደው፤ ከጥቁር ደግሞ ድሮ ምን እንደነበር አይነበብም። መሪው ላይ ሲቀመጥ እኔ ወደ ፊት ጎማዋ ሄድኩ። ያስቀመጠልኝ ዘይት አከፋፋዩ በቅርቡ አዲስ ዓይነት ነው ብሎ የተወልንን ጀሪካን ነበር። ከፈትኩት። አረንጓዴ። አረንጓዴ የራዲያተር ውኃ እንጂ ሌላ ምን ሊሆን? አሸተትኩት። የራዲያተር ውኃ የሚጣፍጥ ሽታ አለው፤ ይኼኛው አልነበረውም። በጣቴም አሸሁት፤ ዘይት ነው። አፍንጫዬም ጣቴም ነገሩኝ፤ እኔ ግን ስምንተኛዬን ቆጥሬ ጨርሻለሁ። አረንጓዴውን መደርደሪያው ላይ መልሼ ቀዩን አነሳሁ።

«ጨምሪ» አለ። ጨመርኩ።

«በቃ» ካለ በኋላ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆየ። ማርሹን አመላለሰ። ደግሞ አመላለሰ። ከዚያ፣ ድምፁ አላማረኝም፣ እስቲ ያፈሰስሽውን ልየው ብሎ በሩን ከፈተ። እኔ ኮፈኑን ዘጋሁ።

«ጆሮህ ነው» አልኩት። «እንደ ጭንቅላትህ እሱም ደክሟል።»

እንዲህ ነው ያልኩት፤ አላሳመርኩትም። አንድ እግሩን መሬት አድርጎ፣ አንዱን መኪናዋ ውስጥ ትቶ ትንሽ አሰበ። ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን ለአዋላጇ ሰጣት።

በአራተኛው ቀን መኪናዋ በገመድ ተጎትታ መጣች። ምጥ ወደ ያዛት ሴት ስትሄድ መኪናዋ ዳገት ላይ ጮኸች፣ ተንሸራተተች፣ ቆመች። አዋላጇ ቦርሳዋን ተሸክማ የቀረውን በእግሯ ሮጠች። ስትደርስ ልጁን ጎረቤት ተቀብላዋለች፤ ደግነቱ እናትም ልጅም ደኅና ነበሩ። ልጄ የዕረፍት ቀኗ ስለነበር እኛ ዘንድ ነበረች፤ ገመዱን ስታይ ወደ እኔ ዞር አለች። ውላችን ፊቷ ላይ ነበር።

ባለቤቴ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ዘይቱን አወረደ። ሳፋው ላይ ቀይ ወረደ፤ የተፈጨ ብረት እንደ ዓሣ ቅርፊት ያብለጨልጭበታል። ጣቱን ነከረ። ብርሃን ላይ አየው።

«ቀይ ነው» አለ።

ልጄ ካርቶኑን ከምስማሩ አወረደችና ጮክ ብላ አነበበችው። መጀመሪያ የዘይቱን ስምና ቁጥር አነበበች። ከሥሩ ደግሞ በእሱ እጅ እንዲህ ተብሎ ተጽፎ ነበር፦ «ማርሽ የለውም። በቀበቶ የሚሠራ ነው። ቀይ እንዳይገባ።» ቀይ የሚለው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል አለች።

ያ ካርቶን አራት ቀን ዓይኔ ሥር ተሰቅሎ ውሏል። ለእኔ ያው ካርቶን ነው።

አዋላጇ እንዲህ ያለ ካምቢዮ በእርግጥም እንዳለ፣ መጽሐፉ ላይ አብረው እንዳነበቡት ተናገረች። ሰባት ጊዜ ተሳስቶ አርሜዋለሁ፤ በስምንተኛው እሱ ልክ ነበር። እየሞተ ያለው አእምሮው ተነስቶ፣ አንብቦ፣ ጽፎ፣ አስምሮ፣ ትክክለኛውን ዘይት ጎማው አጠገብ አስቀምጦልኝ፣ ድምፁን እንኳ ሰምቶ ነግሮኝ ነበር።

እሱ ግን ቀይ የሆነ ጣቱን እያየ «ጽፌዋለሁ» አለ። «አውቄዋለሁ ማለት ነው። እጄ ግን ቀዩን አነሳ። የማውቀውን እጄ አይሰማኝም።»

እኔ ጨርቄን ይዤ ቆሜያለሁ። ይህ ምላሴ፣ ሰፈሩን ሁሉ ሲገርፍ የኖረው፣ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ። ለምን ዝም አልሽ ብትሉኝ፣ ልጄን ፈርቼ አይደለም፣ አዋላጇንም ፈርቼ አይደለም። ተሳስቼ መታየት አልቻልኩም። እቤት ስንገባ ለብቻው እነግረዋለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ። በዚያች ትንሽ ጊዜ እሱ ቱታውን አወለቀ፣ አጠፈ፣ መደርደሪያው ላይ አኖረ። አዋላጇ ፊት ቆሞ ይቅር በዪኝ አላት። እሷም ጋሼ፣ በማንም ላይ ይደርሳል አለችው፤ ደግነቷ ይባስ አጎበጠው። ከዚያ በሩን ራሱ ሳበው። ልጄ ዝጋ አላለችውም። ማንም አላለውም። ሰሃኖቼ ተንጫጩ።

ለመኪናዋ ሌላ ጋራዥ ሌላ ካምቢዮ ገጥሞላታል፤ ወጪውን እኛ ከፍለን ያን ጨርሰናል። ሐዘኔ በመኪናዋ አይደለም።

ከዚያ ቀን ወዲያ ጋራዡን ረግጦት አያውቅም። መስኮት ሥር ተቀምጦ ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ ያኖራቸዋል፤ የሰው ዕቃ በአደራ የተቀበለ ይመስል አያንቀሳቅሳቸውም። ማንኪያ ስሰጠው ይዞ እንደማያውቅ ሰው ያየኛል፤ እንዳላበላሽ ይላል። ሐኪሟ በዓመታት ይመጣል ያለችው መርሳት በሳምንታት መጣ። በሩ በተዘጋ በአምስተኛው ቀን ነገርኩት። ሰባቱንም፣ ስምንተኛውንም፣ ጆሮህ ነው ያልኩትንም ሳይቀር። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ መሳቁ ነው። ውሸት አያምርብሽም፣ ሌላ ሙያ ፈልጊ አለኝ።

ልጄንም ነገርኳት። አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ ደግሞ አለቀሰች። አባዬን ተይው፣ ባነሳሽው ቁጥር ቁስሉን ነው የምትነኪው አለችኝ። አልተውኩትም። የእኔን ቃል ካላመነ የሌላ ሰው ቃል ያምናል ብዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ወረፋው ሁሉ እርጉዝ ነው። አግዳሚው ላይ በመካከላቸው ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለችው ሆዷ የገፋ ሴት ሳቅ ሳቅ እያላት «እማማ፣ እርስዎ ስንተኛ ወርዎ ነው?» አለችኝ።

«ዘጠኙን ከጨረስኩ ቆየሁ» አልኳት። «የሚገላግለኝ ነው ያጣሁት።»

አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። እኔ እውነቴን ነበር።

አዋላጇን በር ዘግቼ ነገርኳት። ጓንቷን አውልቃ ቀስ ብላ ጣለችው። ከዚያ ያን ቀን እሱ ይቅርታ ሲጠይቃት እኔ አጠገቡ ቆሜ እንደነበር አስታወሰችኝ፤ ቆመው ዝም አሉ ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። ዳገቱን በእግሯ ስትሮጥ ያሰበችውን ሁሉ ነገረችኝ፤ ሁሉንም ሰማሁ፤ የሚገባኝ ነው። ሲያልቅላት እንድትመጣልኝ ለመንኳት። ለምኜ አላውቅም፤ ልመናውን እንኳ አልቻልኩበትም፤ እንደ ትእዛዝ ሆኖ ነው የወጣው። ግን መጣች።

እሑድ ከሰዓት ነበር። ልጄም ነበረች። ባለቤቴ አዋላጇን ሲያይ ወንበሩን ይዞ ተነሳ፤ እሷን አልረሳትም። ሌላውን ሁሉ እየረሳ እሷን አልረሳትም። አዋላጇ እጁን ይዛ «ጋሼ፣ ዘይቱን የመረጡት በትክክል ነው» አለችው። «ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። እማማ ሁሉንም ነግረውኛል።»

እኔም በሦስቱ ፊት አንድ በአንድ ደገምኩት። አረንጓዴውን እንዳስቀመጠልኝ፣ እንደ ራዲያተር ውኃ እንዳየሁት፣ ቀዩን እንዳነሳሁ። ድምፄን አላሳነስኩም። ጨርሼ አየሁት።

ልብሱን አስተካከለ። ድሮ ባለመኪናዎች ፊት ሲቆም እንደሚያደርገው ቀና አለ። ያነጋገረው አዋላጇን ነው።

«ልጄ፣ እሷ ላይ እንዳትፈርጂ» አለ። «ለእኔ ብላ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ስትቀዳልኝ አንድ ጠብታ አልተሳሳተችም። ሴት ስታረጅ ለባሏ ስትል ስሟን ታጠፋለች፤ አንቺ ቃሏን አትቀበዪ።»

«አባዬ፣ እውነቷን ነው» አለች ልጄ።

«አንቺም ለእናትሽ አግዢ» አላት፤ ቁጣ የለበትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እኔ ራሴን ባላምን እንኳ የእጅሽን ነገር አውቃለሁ። እሱን አትንጠቂኝ።»

እሱን አትንጠቂኝ አለኝ። ብናገር የቀረውን አንድ ነገር እወስድበታለሁ፤ ዝም ብል ጥፋቴን ተሸክሞ ይኖራል። አዋላጇ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሱ ተቀመጠና ሻይ እንዳልቀረበላት አስታወሰኝ፤ እንግዳ በባዶ አፏ ትቀመጣለች ወይ ብሎ ተቆጣኝ። ሻዩን አፈላሁ። ጠጣች። ስትሄድ በር ላይ እጄን ጨበጠችኝ፤ ይቅር ብያለሁ አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

አሁን ልጃችን ልጁ መሆኗን አንዳንድ ቀን ያውቃል፣ አንዳንድ ቀን እኅቴ ይላታል። የጋራዡን በር ሲያይ የማን ቤት ነው ይለኛል። ያዳናቸውን መኪናዎች ሁሉ ረስቷል፤ ስንት መቶ እንደሆኑ እኔም አላውቅ። ሐኪሙ ይባል እንደነበር ብነግረው ያፍራል። አንዲቷ ብቻ አልወጣችለትም። ጠዋት ሸሚዙን ሳለብሰው፣ ከሌላው ነገር ሁሉ በፊት፣ ይጠይቀኛል።

«የአዋላጇን መኪና ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ አይደል?»

«አይደለህም» እለዋለሁ። «እኔ ነኝ። አንተ ልክ ነበርክ።»

ዛሬም እንዲሁ ጠየቀኝ፣ እንዲሁ መለስኩለት። አገጩን ቀና አድርጎ ቁልፎቹን እስክቆልፍለት ጠበቀ። «አንቺማ አትሳሳቺም» አለኝ።

ስጨርስ አንዱን ቁልፍ ዘልዬ እንደቆለፍኩ አየሁ፤ ኮሌታው በአንድ ወገን ከፍ ብሎ ቀርቷል። እሱም ጎንበስ ብሎ አየው። አይቶም አገጩን እንደገና ቀና አደረገ።